ወረፋውን ማን ይመራል? በፕሮፌሰር ኒክ ማኪዮን ሥራዎች ላይ ከአንባቢያን የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በዚህ ዕትም ዓምዳችን ያረፈው በአንድ ሰው ሥራ ላይ ነው። ከባሕር ዳር የደረሰን የመጀመሪያው ጥያቄ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲውን የኮምፒውተር ሳይንቲስት ፕሮፌሰር ኒክ ማኪዮንን የሚመለከት ሲሆን፣ ቀደም ብለው ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከልም ከዚሁ ጉዳይ ጋር የሚዛመዱ ሦስት ስላገኘን አራቱን በአንድነት አቅርበናቸዋል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የኮምፒውተር ምሕንድስና የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። በኔትወርክና በሃርድዌር አርክቴክቸር መስክ አንድ ተመራማሪ ስላሳደሩት ተጽዕኖ ሴሚናር እንዳቀርብ ታዝዤ ኒክ ማኪዮንን መርጫለሁ። ስለ እሳቸው ያገኘሁት ግን ጽሑፎቻቸው ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱና ስንት ኩባንያ እንዳቋቋሙ የሚዘረዝር ብቻ ነው። በትክክል የፈቱት ችግር ምንድን ነው? ተጽዕኗቸውንስ በምን ልለካው?
— ከባሕር ዳር

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የመጨረሻውን ጥያቄዎን ብናስቀድም ይሻላል። የጽሑፎቻቸውን ተጠቃሽነት መለኪያ አድርገው ቢነሡ የሥራቸው ክብደት የት ላይ እንዳረፈ ሳያዩ ሴሚናሩን ይጨርሱታል። ከጽሑፎቻቸው ሁሉ እጅግ ዝነኛ የሆነው፣ በ2008 ከሰባት ባልደረቦቻቸው ጋር ያወጡትና የኔትወርክ ማሽኖችን ከውጭ ሆኖ ማዘዝ የሚያስችለውን ኦፕንፍሎው የተባለ አሠራር ያስተዋወቀው ጽሑፍ ነው፤ ርዝመቱ ስድስት ገጽ ብቻ ሲሆን፣ በመጀመሪያ ገጹ ላይ በአቻ ተመራማሪዎች ያልተገመገመ መሆኑን የሚገልጽ ማስታወሻ ታትሞበታል። የኢንተርኔትን አውራ መስመሮች በሚሸከሙ ማሽኖች ሆድ ውስጥ የገቡትን የ1990ዎቹን ሥራዎቻቸውን ግን ከመስኩ ባለሙያዎች ውጭ በስም የሚያነሣቸው ጥቂት ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ሥራ ሲያነሡ፣ ከሥራው በፊት ውሳኔው በማን እጅ እንደነበረና ከዚያ በኋላ ወደ ማን እንደተላለፈ ቢጠይቁ ከቁጥሩ የተሻለ መንገድ ያገኛሉ ብለን እናምናለን። በእኛ ግምት የማኪዮን የሠላሳ ዓመት ሥራ የሚሽከረከረው በዚሁ ጥያቄ ዙሪያ ነው፤ በመጀመሪያ በማሽኑ ውስጥ ተራው የማን ይሁን አሉ፤ ቆይተው ደግሞ ማሽኑን የሚያዝዘው ማን ይሁን አሉ።

ማኪዮን የተወለዱት በእንግሊዝ አገር ነው። በ1986 ከሊድስ ዩኒቨርሲቲ ተመርቀው በብሪስቶል በሚገኘው የሂውሌት ፓካርድ የምርምር ማዕከል ለሦስት ዓመት ያህል ከሠሩ በኋላ ወደ ካሊፎርኒያ ተሻገሩ፤ በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ በዣን ዋልራንድ አማካሪነት የዶክትሬት ጥናታቸውን በ1995 ፈጽመው በዚያው ዓመት በስታንፎርድ መምህር ሆኑ። የመመረቂያ ጽሑፋቸው የተነሣበትን ችግር ሳይረዱ የቀረውን መረዳት ስለማይቻል፣ በእርሱ ላይ ትንሽ ብንቆይ አይቆጩም።

ስዊች ወይም ራውተር የምንለው ማሽን በብዙ መግቢያዎች የሚመጡትን ፓኬቶች፣ ማለትም ተቆራርጠው የሚላኩ የመረጃ ቁራጮች፣ ተቀብሎ ወደየመውጫቸው የሚያሻግር ነው። በአንድ ቅጽበት ሁለት ፓኬቶች አንድን መውጫ ከፈለጉ አንደኛው መጠበቅ አለበት፤ የሚጠብቅበት ሜሞሪ የት ይቀመጥ የሚለው ደግሞ ለንድፍ አውጪው ዋና ጥያቄ ነው። መውጫው ላይ ቢቀመጥ ሒሳቡ ያማረ ይሆናል፤ ነገር ግን 32 መግቢያ ባለው ስዊች ላይ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ አንድ መውጫ ቢልኩ፣ ያ ሜሞሪ ከአንዱ መስመር 32 እጥፍ ፈጥኖ መገኘት ይኖርበታል፤ የመስመሮች ፍጥነት የሜሞሪን ፍጥነት ጥሎ ይሄድ በነበረበት በዚያ ዘመን ይህ ሊታሰብ የሚችል አልነበረም። መግቢያው ላይ ቢቀመጥ ሜሞሪው ርካሽ ይሆናል፤ ሆኖም ሌላ ጣጣ ይዞ ይመጣል።

ጣጣውን ለመረዳት አንድ ሰፊ ወፍጮ ቤት ያስቡ፤ በሮቹ የስዊቹ መግቢያዎች፣ ወፍጮዎቹ መውጫዎቹ፣ ሰዎቹም ፓኬቶቹ ናቸው። ሦስት ወፍጮዎች አሉት፤ አንዱ ጤፍ፣ አንዱ በቆሎ፣ አንዱ በርበሬ ይፈጫል። ሦስት በሮችም አሉት፤ በየበሩ ደጃፍ አንድ አንድ ሰልፍ ቆሟል። በመጀመሪያውና በሁለተኛው በር ከፊት የቆሙት ሰዎች ሁለቱም ጤፍ ይዘዋል እንበል። የጤፉ ወፍጮ የመጀመሪያውን ሰው ይቀበላል፤ የሁለተኛው በር ባለ ጤፍ ይጠብቃል። ከእርሱ ኋላ የቆመችው ሴት የያዘችው በቆሎ ነው፤ የበቆሎው ወፍጮ ሥራ ፈትቷል፤ እርሷ ግን ከፊቷ ያለው ሰው ሳይገባ መግባት ስለማትችል ባዶውን ወፍጮ እያየች ትቆማለች። በ1987 የቤል ላብስ ተመራማሪዎች ይህንኑ ሁኔታ በሒሳብ ሠርተው፣ ፓኬቶች ወደ ሁሉም መውጫዎች በእኩል ዕድል በሚሄዱበት ብዙ መግቢያ ያለው ስዊች ላይ ከአቅሙ 58.6 በመቶው ብቻ ሥራ ላይ እንደሚውል አሳዩ። የቀረው አቅም ገንዘብ ተከፍሎበት ቆሞ የሚያይ ነው።

መፍትሔው ሲነገር ቀላል ነው፤ በየበሩ አንድ ሰልፍ መሆኑ ቀርቶ ለየወፍጮው የተለየ ሰልፍ ይኑር። ይህ ሐሳብ ከማኪዮን በፊትም የነበረ ስለሆነ በሴሚናርዎ ለእሳቸው እንዳይሰጡት እናሳስባለን። ነገር ግን ሰልፎቹ ሲለያዩ አዲስ ጥያቄ ይወለዳል። ሦስት በርና ሦስት ወፍጮ ሲሆን ዘጠኝ ሰልፍ ይኖራል፤ 32 መግቢያና 32 መውጫ ሲሆን ግን 1,024 ይሆናል። በእያንዳንዱ ዙር ከየበሩ አንድ ሰው ብቻ፣ ወደየወፍጮውም አንድ ሰው ብቻ ሊገባ ይችላልና፣ ከዚህ ሁሉ ሕዝብ መካከል ማን ከማን ጋር ይጣመር? በሰከንድ 10 ጊጋቢት በሚያስተላልፍ መስመር ላይ የ64 ባይት ቁራጭ የሚያልፈው በ51 ናኖሰከንድ ገደማ ስለሆነ፣ ፍርዱ በዚያች ጊዜ ውስጥ ተሰጥቶ ማለቅ አለበት።

በ1993 የዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኩባንያ ተመራማሪዎች፣ ከእነርሱም አንዱ የአልቶ ኮምፒውተር ንድፍ አውጪ ቻክ ታከር ነበሩ፣ ጥምረቱ በዕጣ እንዲሆን ሐሳብ አቅርበው ነበር። ይሁን እንጂ በቺፕ ላይ በዚህ ፍጥነት ዕጣ ማውጣት ያስቸግራል፤ ከዚህም በላይ አንድ ዙር ብቻ ሲሠራ ብዙ ወፍጮዎች ዕጣቸውን ለአንድ በር እየሰጡ ሌላው ባዶ እጁን ስለሚቀር፣ ጥቅም ላይ የሚውለው አቅም ከ63 በመቶ ገደማ አያልፍም። ማኪዮን አይስሊፕ ብለው በሰየሙት ዘዴ ዕጣውን በተራ ተኩት። እያንዳንዱ በር ለሚፈልጋቸው ወፍጮዎች ሁሉ ጥያቄ ያቀርባል፤ እያንዳንዱ ወፍጮ ከጠየቁት መካከል በተራ መቁጠሪያው ላይ ቀጥሎ ላለው ይፈቅዳል፤ በሩም ከተፈቀዱለት መካከል በራሱ ተራ አንዱን ይቀበላል። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ከዕቁብና ከጽዋ ማኅበር ተራ የራቀ አይደለም። ብልሃቱ ያለው በሚቀጥለው ደንብ ላይ ነው፤ ወፍጮው መቁጠሪያውን ወደ ፊት የሚያንቀሳቅሰው የፈቀደለት በር ፈቃዱን በእርግጥ የተቀበለ እንደሆነ ብቻ ነው፤ ካልተቀበለ መቁጠሪያው ባለበት ይቆያል። በዚህች ትንሽ ደንብ ምክንያት መቁጠሪያዎቹ ቀስ በቀስ እየተለያዩ ይሄዱና፣ ሁሉም ወደ አንድ በር መጠቆማቸው ቀርቶ እያንዳንዱ ወደ ተለያየ በር ይጠቁማል፤ ጭነቱ በእኩል የተከፋፈለ ከሆነም በአንድ ዙር ብቻ ስዊቹ መቶ በመቶ አቅሙን ይሰጣል። በመካከላቸው የተሾመ አዛዥ የለም፤ እያንዳንዱ የራሱን ተራ ብቻ ይቆጥራል።

ጭነቱ እኩል ባልተከፋፈለ ጊዜ አይስሊፕ ይህን ዋስትና አይሰጥም። ማኪዮን በ1996 ከዋልራንድና ከቬንካት አናንታራም ጋር ባወጡት ጥናት፣ ለረጃጅም ሰልፎች ክብደት እየሰጡ ማጣመር ጭነቱ እኩል ባይከፋፈልም መቶ በመቶ እንደሚያደርስ በሒሳብ አረጋግጠዋል፤ ስሌቱ ግን ለቺፕ የከበደ ስለሆነ ማሽን ውስጥ የገባው ቀላሉ አይስሊፕ ነው። በ1999 ደግሞ ከባላጂ ፕራባካርና ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው፣ የስዊቹ ውስጣዊ ፍጥነት ከመስመሩ ሁለት እጥፍ ከሆነ፣ ከላይ የማይቻል ያልነው ባለ ውድ ሜሞሪ ስዊች የሚሠራውን ሁሉ አንድም ፓኬት ሳያዘገይ ሊሠራ እንደሚችል አሳዩ። ማረጋገጫው የተገነባው የሒሳብ ሊቃውንት «የጸና ጋብቻ» በሚሉት ጥያቄ ላይ ነው፤ ጋብቻ ስዊች ውስጥ ምን አገባው ለሚል አንባቢ፣ በሩና ወፍጮው እርስ በርስ ምርጫ ያላቸው ሙሽሮች ናቸው ብለን እንለፈው።

አይስሊፕ በወረቀት ላይ አልቀረም። ማኪዮን በ1995 የሲስኮን 12000 ራውተር በመንደፍ ረድተዋል፤ ይህም ራውተር በዘመኑ የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪዎች ዋና መስመር ላይ የተተከለ ማሽን ነው። በስታንፎርድም በሰከንድ 320 ጊጋቢት የሚያሻግር ታይኒ ቴራ የተባለ የሙከራ ስዊች ከተማሪዎቻቸው ጋር ሠርተዋል፤ ከዚያ የተወለደው አብሪዚዮ የተባለ ኩባንያ በ1999 ለቺፕ አምራቹ ፒኤምሲ ሲዬራ በ400 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። የኩባንያውን ዋጋ የጠቀስነው ለአድናቆት ሳይሆን፣ አንድ የዶክትሬት ጥናት በአራት ዓመት ውስጥ የት ሊደርስ እንደሚችል ለማሳየት ነው።

ሴሚናርዎ ላይ እንዳይዘነጉ የምንመክርዎ አንድ ሥራ ደግሞ አለ። ራውተር ለሚጠብቁ ፓኬቶች ምን ያህል ሜሞሪ ያስፈልገዋል ለሚለው ጥያቄ ለረጅም ጊዜ ይሠራበት የነበረው ደንብ፣ የመስመሩን ፍጥነት በፓኬቱ የደርሶ መልስ ጊዜ ማባዛት ነበር፤ ለ10 ጊጋቢት መስመርና ለ250 ሚሊሰከንድ ጉዞ 2.5 ጊጋቢት ይደርሳል። ይህን ያህል ሜሞሪ ከቺፑ ውጭ ብዙ ተጨማሪ ቺፖችን ይጠይቃል። በ2004 ማኪዮን ከጊዶ አፐንዜለርና ከአይዛክ ኬስላሲ ጋር እንዳሳዩት፣ በመስመሩ ላይ ብዙ ፍሰቶች፣ ማለትም በየሁለት ኮምፒውተሮች መካከል የሚሄዱ የፓኬት ተከታታዮች፣ ካሉ ያ ቁጥር ለፍሰቶቹ ብዛት ስኩዌር ሩት ሊካፈል ይችላል፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ፍሰት ፍጥነቱን የሚጨምርበትና የሚቀንስበት ጊዜ ስለሚለያይ፣ የአንዱ ጉድለት በሌላው ትርፍ ይሞላል። ፍሰቶቹ 50,000 ከሆኑ 2.5 ጊጋቢቱ ወደ 11 ሜጋቢት ገደማ ይወርዳል፤ ያም በራሱ በቺፑ ውስጥ ሊቀመጥ የሚችል ነው። ስለ ኔትወርክ የተሠራ የሒሳብ ግምት የሃርድዌርን ቅርጽ ሲለውጥ ከዚህ የጠራ ምሳሌ አናውቅም።

ጥያቄ፦ በሰሜን ቨርጂኒያ በዳታ ሴንተር ውስጥ በኔትወርክ ቴክኒሻንነት እሠራለሁ። የሥልጠና መጻሕፍቶቻችን በሶፍትዌር የሚመራ ኔትወርክ የሚባለውን አሠራር ማኪዮንና ባልደረቦቻቸው እንደፈጠሩት ይጽፋሉ። በሙያው የቆዩት የሥራ ባልደረቦቼ ግን «ሐሳቡ አዲስ አልነበረም፤ ኦፕንፍሎውም ከሽፏል» ይሉኛል። ማንን ልመን?
— ከቨርጂኒያ፣ አሜሪካ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ባልደረቦችዎ በታሪኩ ትክክል ናቸው፤ በፍርዳቸው ግን አንስማማም።

ነባሩን ሁኔታ እርስዎ ከእኛ ይልቅ ያውቁታል፤ ለሌሎች አንባቢዎች ግን በአጭሩ እንግለጸው። በእያንዳንዱ ስዊች ውስጥ ሁለት ሥራዎች ይከናወናሉ፤ አንደኛው ፓኬቱን በናኖሰከንዶች ውስጥ ማሻገር ሲሆን፣ ሁለተኛው መንገዱ የት እንደሆነ መወሰን ነው። ሁለቱንም ሥራዎች አንድ አምራች በአንድ ሳጥን ቆልፎ ይሸጥ ነበርና፣ ገዢው አምራቹ ያላሰበውን ነገር ማሽኑ እንዲሠራለት ማዘዝ አይችልም ነበር። ወሳኙን ክፍል ከአሻጋሪው ለይቶ አንድ ማዕከል ላይ የማስቀመጥ ሐሳብ በስልክ ኔትወርኮች ዘንድ የቆየ ነው፤ በ1990ዎቹ ኔትወርኩን በፕሮግራም ለማዘዝ ብዙ ጥናት ተደርጓል፤ በ2005 አካባቢም ጀኒፈር ሬክስፎርድን የመሳሰሉ ተመራማሪዎች የመንገድ ውሳኔን ከራውተሮች አውጥተው ነበር። በስታንፎርድ ራሱ የማኪዮን ተማሪ የነበሩት ማርቲን ካሳዶ በ2007 ኢቴን በተባለ ሥራቸው 300 ገደማ ኮምፒውተሮችን በአንድ ማዕከላዊ ተቆጣጣሪ ሥር አድርገው በዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ አሠርተዋል።

ታዲያ የ2008ቱ ባለ ስድስት ገጽ ጽሑፍ ምን ጨመረ? በእኛ አስተያየት ጥቅሙ ከትሕትናው የመጣ ነው። ጸሐፊዎቹ አምራቾችን የማሽናችሁን ምስጢር ግለጡ አላሏቸውም፤ በስዊቹ ውስጥ ቀድሞውኑ የነበረውን ሠንጠረዥ ከውጭ ሆኖ የሚሞላ አንድ በር ክፈቱ ብቻ አሏቸው። በሠንጠረዡ ላይ በእያንዳንዱ መስመር የፓኬቱ መለያ፣ በፓኬቱ ላይ የሚፈጸመው ተግባርና አንድ ቆጣሪ ይጻፋል። ጥያቄው የቀረበውም በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች አዳዲስ ሐሳቦችን ለመሞከር ያህል ነበር። ትንሽ በመጠየቃቸው ያገኙት ብዙ ሆነ። ቀደም ሲል የቀረቡት ታላላቅ ሐሳቦች የአምራቾችን ሙሉ ፈቃድ ይጠብቁ ስለነበር በደጅ ጥናት አልቀዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ማኪዮንና የበርክሌዩ ተመራማሪ ስኮት ሸንከር ይህን አሠራር ለማስፋፋት በ2011 ያቋቋሙት ማኅበር ነው። የማኅበሩ መሥራቾች ዶይቸ ቴሌኮም፣ ፌስቡክ፣ ጉግል፣ ማይክሮሶፍት፣ ቬራይዘንና ያሁ ነበሩ፤ ከስድስቱ አንዱም እንኳ ስዊች ሻጭ አልነበረም፤ ሁሉም ገዢዎች ነበሩ። ውሳኔው ከማን ወደ ማን ተላለፈ ለሚለው ጥያቄያችን ከዚህ የቀረበ መልስ አይገኝም። ጉግል በ2013 ይፋ ባደረገው ጥናት ዳታ ሴንተሮቹን በዓለም ዙሪያ የሚያገናኘውን ኔትወርኩን በኦፕንፍሎው እንደሚመራ፣ ብዙዎቹን መስመሮች ወደ መቶ በመቶ አቅማቸው አስጠግቶ እንደሚያሠራ አስታወቀ። ከዚያ በፊት የዚህ ዓይነት ውድ መስመሮች ለክፉ ቀን እየተባሉ ከግማሽ በላይ ባዶ ይያዙ ነበር። ካሳዶ፣ ማኪዮንና ሸንከር በ2007 ያቋቋሙት ኒሲራ የተባለ ኩባንያ ደግሞ በ2012 በ1.26 ቢሊዮን ዶላር ለሶፍትዌር ኩባንያው ቪኤምዌር ተሸጧል፤ እርስዎ በሥራዎ የሚያዩት በሰርቨሮች ላይ የተዘረጋ ምናባዊ ኔትወርክ አንዱ ሥሩ እዚያ ነው። በዚሁ በ2012 ማኪዮን በኔትወርክ ጥናት መስክ ትልቁ የሆነውን የሲግኮም ሽልማት ተቀበሉ።

«ከሽፏል» የሚለው ቃል በከፊል የሚገባው ኦፕንፍሎው ለተባለው ቋንቋ ራሱ ነው። በመጀመሪያው ደረጃው ከፓኬት ላይ ሊያነባቸው የሚችላቸው መለያዎች 12 ነበሩ፤ በ2013 መጨረሻ 41 ደርሰው ነበር። አዲስ ፕሮቶኮል በመጣ ቁጥር ዝርዝሩ ይረዝማል፤ የየቺፑ ሠንጠረዥ ግን የተለያየና የማይለወጥ ነው። ሻጮችም ስሙን በየምርታቸው ላይ እየለጠፉ ትርጉሙን አሟሙት። እኛን ይበልጥ የሚያስገርመን ሌላ ነገር ነው፤ በቺፕ ውስጥ አዛዥ ሳይሾም ተራን በስምምነት ያስኬዱት ሰው፣ ለኔትወርኩ በአጠቃላይ ግን ማዕከላዊ አዛዥ ይሾም ብለው መከራከራቸው ነው። ናኖሰከንድ የማይሰጠውን ነገር ሚሊሰከንድ ይሰጣልና ተቃርኖው የይምሰል ነው፤ ቢሆንም አንድ ጊዜ ሊያስቡበት የሚገባ ነው።

ጥያቄ፦ ፒ ፎር የተባለውን የኔትወርክ ቋንቋ መማር ጀምሬ ነበር። ማኪዮን የተሳተፉበት ቶፊኖ የተባለው ቺፕ እንደተቋረጠ ስሰማ ግን ተስፋ ቆረጥሁ። ጊዜዬን በከንቱ እያጠፋሁ ይሆን? ደግሞስ እኚህ ሰው የሃርድዌር ሰው ናቸው ወይስ የሶፍትዌር?
— ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ቺፑና ቋንቋው የተለያየ ዕጣ እንደገጠማቸው ቢረዱ ተስፋዎ የሚመለስ ይመስለናል።

ከላይ ለቨርጂኒያው ጠያቂያችን የጠቀስነው የመለያዎች መብዛት ችግር የማኪዮንን ቡድን ወደ ቺፑ መለሰው። በመስኩ የጸና እምነት የነበረው፣ በፕሮግራም የሚታዘዝ ቺፕ ሥራው ከተቆለፈበት ቺፕ በብዙ እጥፍ ይዘገያል የሚል ነበር። በ2013 ፓት ቦሻርት፣ ማኪዮን፣ ጆርጅ ቫርጌዝና ሌሎች ከቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ባለሙያዎች ጋር ሆነው ባቀረቡት ንድፍ፣ እያንዳንዳቸው 10 ጊጋቢት የሆኑ 64 ፖርቶች ያሉት ቺፕ ፓኬቱን በ32 ተከታታይ ጣቢያዎች እያሳለፈ፣ በየጣቢያው ምን እንደሚነበብና ምን እንደሚደረግ በፕሮግራም ሊወሰንለት እንደሚችል አሳዩ፤ ለዚህ ነፃነት የሚከፈለው ተጨማሪ የቺፕ ስፋትም ከ15 በመቶ በታች ነበር። በዚያው ዓመት ቤርፉት ኔትወርክስ የተባለው ኩባንያ ተቋቋመ፤ በ2016 በሰከንድ 6.5 ቴራቢት የሚያሻግረውን ቶፊኖን ይፋ አደረገ። ማሽኑ ፓኬቱን እንዴት እንደሚያስተናግድ የሚጻፍበት ፒ ፎር የተባለው ቋንቋ ግን ከዚያ በፊት በ2014 በ11 ጸሐፊዎች የቀረበ ሲሆን፣ ከተመሠረተባቸው ዓላማዎች አንዱ ለማንኛውም ዓይነት ማሽን እንዲያገለግል፣ ለአንድ ቺፕ እንዳይታሰር ነበር።

ኢንቴል በ2019 ቤርፉትን ገዝቶ በ2023 መጀመሪያ የቶፊኖን ቀጣይ ትውልዶች ልማት አቆመ። ይህ ለብዙ ተመራማሪዎች ከባድ ምት እንደነበር መካድ አይቻልም፤ በእርሱ ላይ የተገነቡ ብዙ ጥናቶች መድረሻ አጥተዋል። ይሁንና ኢንቴል በ2025 የቶፊኖን የፒ ፎር ሶፍትዌር ለሕዝብ ክፍት አድርጎታል፤ ቋንቋውም በሰርቨሮች ላይ በሚሰኩ ዘመናዊ የኔትወርክ ካርዶች፣ ለምሳሌ በኤኤምዲ ፔንሳንዶና በራሱ በኢንቴል ምርቶች ውስጥ ይሠራበታል። ከዚህም ሌላ ፓኬቱ በመንገዱ ላይ በየት በኩል እንዳለፈ፣ የትኛው ደንብ እንደተፈጸመበት፣ በየወረፋው ስንት ናኖሰከንድ እንደጠበቀና ወረፋውን ከማን ጋር እንደተጋራ በራሱ ላይ ተሸክሞ እንዲደርስ የሚያደርገው የክትትል ዘዴ የመጣው ከዚህ ሥራ ነው። ማኪዮን በ1995 ወረፋውን ማን ይምራ ብለው ነበር፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ፓኬቱ ራሱ ስለ ወረፋው እንዲመሰክር ማድረግ ተቻለ።

ስለ ሁለተኛው ጥያቄዎ በአጭሩ፦ በዚህ መስክ ክፍፍሉ አይሠራም። በ51 ናኖሰከንድ ውስጥ የማያልቅ ወይም በቺፑ ስፋት ላይ የማይበቃ የማጣመሪያ ዘዴ፣ ምንም ያህል ቢያምር ለስዊች ዘዴ አይባልም። በሱፐር ኮምፒውተሮች ውስጥ ያሉ አንጎለ ኮምፒውተሮችን በሚያገናኙ መስመሮች ላይ የሠሩት ቢል ዳሊም ከዚሁ የመጀመሪያ ሰው ሁሉን ያግዳል ከሚል ችግር ጋር ተፋጥጠው፣ አንዱን መስመር ወደ ብዙ ምናባዊ መስመሮች በመክፈል በ1990 የራሳቸውን መልስ ሰጥተዋል፤ እሳቸውን የሚጠራቸው ሰው ግን ሁልጊዜ የሃርድዌር ሰው ብሎ ነው።

ጥያቄ፦ በሐዋሳ የኔትወርክ ኮርስ አስተምራለሁ። ላብራቶሪያችን ለተማሪዎቹ የሚበቃ ስዊች የለውም። እንዲህ ያሉ ሥራዎችን በቃል ከማውራት አልፌ በተግባር ላሳያቸው የምችልበት መንገድ ይኖራል?
— ከሐዋሳ

መልስ፦ ውድ መምህር፣ ይኖራል፤ መንገዱንም ያበጁት እኚሁ ሰው ከቦብ ላንትዝና ከብራንደን ሄለር ጋር ናቸው። በ2010 ያቀረቡት ሚኒኔት የተባለው ነፃ ሶፍትዌር፣ በሊኑክስ ላይ በአንድ ላፕቶፕ ውስጥ ብዙ ኮምፒውተሮችን፣ ስዊቾችንና መስመሮችን ያቀፈ ኔትወርክ ይዘረጋል፤ በላዩ ላይ የሚሄደው የኮምፒውተሩ እውነተኛ የኔትወርክ ሶፍትዌር እንጂ የተጻፈ ተውኔት አይደለም። የፒ ፎር ፕሮግራም ለማሠራትም ቢኤምቪ ቱ የተባለ ነፃ የሶፍትዌር ስዊች አለ፤ ፕሮግራሙ ትክክል መሆኑን ለማየት ይበቃል፤ ፍጥነትን ለመለካት ግን አልተሠራም። ሚኒኔትም ቢሆን የሁሉም ማሽኖች ሸክም በአንድ ላፕቶፕ ላይ ስለሚወድቅ፣ መስመሮቹን ከላፕቶፑ አቅም በላይ ካፈጠኑ የሚያዩት ውጤት የኔትወርኩ ሳይሆን የላፕቶፑ ድካም ይሆናል።

ለመጀመሪያ ልምምድ ከላይ ለባሕር ዳሩ ተማሪ የገለጽነውን የሜሞሪ መጠን ሥራ እንመርጥልዎታለን። የመስመሩን ፍጥነት 100 ሜጋቢት፣ የደርሶ መልስ ጊዜውን 100 ሚሊሰከንድ ያድርጉ፤ የድሮው ደንብ 10 ሜጋቢት፣ ማለትም የ1,500 ባይት ፓኬት ቢሆን 833 ገደማ ፓኬት የሚይዝ ወረፋ ይጠይቃል። ሊኑክስ ከመነሻው የሚጠቀመው ኪዩቢክ የተባለውን የፍጥነት መቆጣጠሪያ ስለሆነ፣ ጽሑፉ ከሚናገርለት ጋር እንዲገጥም ሬኖ ወደተባለው ይለውጡት። በመጀመሪያ አንድ ፍሰት ብቻ ልከው ወረፋውን ወደ ጥቂት ፓኬቶች ያሳንሱት፤ መስመሩ ከአቅሙ ወደ ሦስት አራተኛ ሲወርድ ተማሪዎቹ ያያሉ። ቀጥለው 100 ፍሰቶችን ልከው ወረፋውን 83 ፓኬት ያድርጉት፤ ወረፋው በአሥር እጥፍ አንሶ መስመሩ ሊሞላ ሲቃረብ ያገኙታል። ፍሰቶቹን ግን ሁሉንም በአንድ ሰከንድ አያስጀምሯቸው፤ በጥቂት ሰከንዶች እያለያዩ ይልቀቋቸው፤ አብረው ከተነሡ አብረው ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉና ለተማሪዎቹ ደንቡ የተሳሳተ ይመስላቸዋል።